መንጋው ሲበዛ አንዱ እንዳይጠፋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ሲመለሱ እርሱ በዚያ እንደ ቀረ ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጽፎልናል። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ ስለመሰላቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ከዘመድ መካከል ፈልገው ቢያጡት ወደ ከተማው ተመልሰው ከሦስት ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ አገኙት። እርሱ በአባቱ ቤት ነበረ። እኛ ግን ከዚህ የምንማረው አለ፤ ብዙ ሰው አብሮ ሲጓዝ ሁሉም «ከሌላው ጋር ይሆናል» ብሎ ያስባል።

ጉባኤያችን ሠላሳ ሰው ሳለ የቀረውን ለማወቅ ዓይን ይበቃል። መቶና ሁለት መቶ ሲሆን ግን አዳራሹ ሞልቶ ስለሚታይ የጎደለው አይታወቅም። አንዱ ይታመማል፤ አንዷ ታዝናለች፤ ሌላው በፈተና ወድቆ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል፤ እኛም «የት ደረሰ?» የምንለው ወራት ካለፉ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ በደጃችን ስም የሚመዘግብ መዝገብ ያስፈልገናል።

«ዳዊት ሕዝቡን በመቁጠሩ ተቀሥፏል፤ መቁጠር ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 ተጽፏል። ነገር ግን በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 1 ሕዝቡን በየስማቸው እንዲቆጥር ሙሴን ያዘዘው ራሱ እግዚአብሔር ነው። ልዩነቱ በቆጣሪው ልብ ላይ ነው። ዳዊት ሰይፍ የሚመዘውን ብዛት ሊያውቅ ቆጠረ፤ በሉቃስ ምዕራፍ 15 ያለው እረኛ ግን የጠፋውን አንዱን ሊፈልግ ቆጠረ። እስከ 99 ባይቆጥር ኖሮ አንዱ መጥፋቱን በምን ያውቅ ነበር? እንግዲህ መዝገባችን «ይህን ያህል ሆነናል» ለማለት ብቻ ከሆነ የዳዊት ቆጠራ ነው፤ የቀረውን ለመጠየቅ ከሆነ ግን የእረኛው ነው።

በሐዋርያት ዘመንም ምእመናን ሲበዙ መበለቶች በዕለታዊው ምግብ ተዘነጉ። ሐዋርያትም ነገሩን ችላ ሳይሉ፥ ቅዱስ እስጢፋኖስ ያለበትን ሰባቱን ዲያቆናት በማስመረጥ ሥራውን ከፋፈሉ። የሙሴ አማት ዮቶርም ሙሴ ብቻውን እንዳይደክም የሺህ፥ የመቶ፥ የአምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾም መክሮታል። የአንድ ሰው ትጋት ያንን ሰው ሲያጣ ይቆማል፤ የተከፋፈለ ሥራ ግን ይጸናል።

ስለሆነም የሚከተለውን እናድርግ። መዝገቡ አጭር ይሁን፤ ስም፥ ስመ ክርስትና፥ ክፍልና የቤተሰብ ስልክ ይበቃሉ። በየሰንበቱ ሁለት ተረኞች በደጅ ይቁሙ፤ አንዱ የሚያውቅ፥ ሌላው የሚማር ይሁን፤ ነባሩ ለትምህርት ወይም ለሥራ ቢሄድ መዝገቡ አብሮት አይሄድምና። በኮምፒውተር ወይም በስልክ መመዝገብ መልካም ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ደብተር ግን ምንጊዜም ይኑር። መዝገቡም በግለሰብ ቤት ሳይሆን በጽሕፈት ቤት ተቆልፎ ይቀመጥ፤ የሰው ምሥጢርና አድራሻ ለወሬ አይዋልና።

በሕፃናት ክፍል ደግሞ ጥንቃቄው ይብለጥ። ልጁ ሲገባ አንድ ዓይነት ቁጥር ያለባቸው ሁለት ወረቀቶች ተዘጋጅተው አንዱ በልጁ ልብስ ላይ ይያያዝ፤ ሁለተኛው ላመጣው ሰው ይሰጥ። ሲወጣም ቁጥሩ ሳይመሳከር፥ ፊቱን ብናውቀውም እንኳ፥ ለማንም አናስረክብ። ወላጅ ቢቆጣ በትሕትና እናስረዳው፤ ቁጣው ያልፋል፥ የጠፋ ልጅ ኀዘን ግን አያልፍም።

ከሁሉ በላይ መዝገቡ ይነበብ። ሁለት ሰንበት በተከታታይ የቀረውን የክፍሉ አለቃ በስልክ ይጠይቀው፤ ሦስተኛውን ቢደግም ሁለት ሆነን ቤቱ እንሂድ። የምንሄደው ልንወቅሰው ሳይሆን እንደናፈቅነው ልንነግረው ይሁን። ካልተጠየቀበት መዝገብ ወረቀት ብቻ ነው።

መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ተምረናል። እኛም በመጪው ሰንበት ከጎናችን የነበረውን፥ ዛሬ ግን ቦታው ባዶ የሆነውን ወንድማችንን በስሙ እንፈልገው። ለዚህም አምላከ ቅዱሳን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።