ስለ ቃል ቍስል

ዱላ የመታው ሰው እብጠቱ ይታያል፤ ስለዚህ ሐኪም ያክመዋል፥ ዳኛም ይፈርድለታል። በቃል የተመታ ሰው ግን የሚያሳየው ጠባሳ ስለሌለው ብዙዎቻችን እንዳልተጎዳ እንቈጥረዋለን። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለው ነበር፤ እኛ ግን ምሳሌውን በጠቀስን ቍጥር ራሳችንን ከተወጉት ወገን እናቆማለን።

ጌታችን በተራራ ላይ ስለ መግደል ሲያስተምር፥ ወንድሙን የሚሰድብ ሰውም ፍርድ እንደሚጠብቀው በዚያው አንቀጽ ተናገረ። የጠቀሰውም ስድብ በአማርኛው ወንጌል «ጨርቃም» ተብሎ የተተረጐመው ተራ የገበያ ቃል ነው። ይህን ከነፍስ መግደል አጠገብ ማኖሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት የበዛ ይመስላል። ዳሩ ግን ስድብ የሰውን ስም አንሥቶ በምትኩ ሌላ ስም ያኖራል፤ ስሙ የተነሣበትም ሰው በሕይወት ሳለ ከሰው መካከል ይጠፋል።

በአገራችን ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ በእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ላይ ሲፈጸም ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ»፥ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ ተናቀ፤ ሰዳቢው ግን እርሱ በሠራው ማረሻ ያርስ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ እርሱን መስደብ እርሳቸውን እንደ መስደብ መሆኑንም አስታወቁ። አዋጁ ታላቅ ነበር። ሆኖም አዋጅ ክፉውን ቃል ቢከለክል እንጂ መልካሙን ቃል በአፍ ሊያኖር አይችልም፤ ስድቡም ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገብቶ ቈየ። የሚያሳዝነውም፥ ይህን የሚናገሩት ክርስቲያኖች የሚሰግዱለት ጌታ በናዝሬት በጸራቢ ቤት ያደገ መሆኑ ነው። የገዛ አገሩ ሰዎችም ትምህርቱን ለመናቅ የጠቀሱበት ይህንኑ ነበር።

ፈዋሹ ቃልስ የትኛው ነው? 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት በሕጉ እንደ ርኩስ ትቈጠር ስለ ነበር፥ የጌታን ልብስ የነካችው በሕዝቡ መካከል ተሰውራ ከኋላው ነው። ደሙም ወዲያው ቆመ። ሥጋዋ ከዳነ ዘንድ ዝም ብሎ ማለፍ በተቻለ ነበር። እርሱ ግን ቆሞ ማን እንደ ነካው ጠየቀ፤ እየተንቀጠቀጠች በወጣችም ጊዜ ልጁ ብሎ ጠራት። በእኛ አስተያየት ሁለተኛው ፈውስ ይህ ነው። ደሟን ያቆመላት በስውር ነው፤ ስሟን የመለሰላት ግን ሰው ሁሉ እየሰማ ነው፤ ርኩስ የተባለችው በሰው ሁሉ ፊት ነበርና።

ነገሩ ከመሥሪያ ቤታችንም ሩቅ አይደለም። ከገጠር የመጣ ሽማግሌ ማመልከቻውን ይዞ ሲቆም፥ የልጅ ልጁን የሚያህል ጸሐፊ «አንተ» ይለዋል። ጕዳዩ በዚያው ቀን ቢፈጸምለት ስንኳ፥ ሽማግሌው አገሩ ገብቶ የሚያወራው ስለዚያ «አንተ» ነው። «አንቱ» ለማለት የሚያስፈልገው እኮ «ተ»ን «ቱ» ማድረግ ብቻ ነበር!

እኛም በሌላው ላይ ዳኛ ሆነን ልንጽፍ አይገባንም። ፊደል በቈጠርንበት ቤት አንድ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረ፤ በንባብ ሁላችንንም ይቀድም ነበር። በእጃችን አንድ ቀን ስንኳ አልመታነውም። ነገር ግን የእርሱ ወገኖች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ሲባል ሰምተን ነበርና፥ ሲመጣ «ጅቦ! ጅቦ!» እያልን እንሸሻለን፤ ምሳውንም ብቻውን ይበላል። አንድ ቀን ቀረ፤ በማግሥቱም አልመጣም። እናቱ በሠራችው ድስት የተሠራው ወጥ ግን በየቤታችን መበላቱን አልተወም። አሁን ይህን ስንጽፍ ልጁን በስሙ በክብር ልናነሣው ፈለግን፤ ብናስብ ብናስብ ግን ከዚያ ስድብ በቀር የምናውቅለት ስም የለንም።