የማን እጅ አጠበቀው?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር፣ አምቦ ላይ ነው። የእህቴን ልጅ ልንድር ተሰብስበናል። ቬሎው አዲስ አበባ ተከራይቶ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መጥቷል። ከደረት እስከ ዳሌ ያለው ክፍል ከጀርባ በክር የሚጠበቅ ኮርሴት ነው። ሁለት ሚዜዎች ከኋላዋ ቆመው በቅሎ እንደሚጭን ሰው ይስባሉ። «ትንሽ ጨምሩ» ትላለች እሷም።

ከቤት ስትወጣ እውነትም ወገቧ የተርብ መሰለ። እልልታው ቀለጠ። ፎቶ ልንነሳ ጉደር ወንዝ ዳር ስንደርስ ግን ላብ አጠመቃት። አንዱ ደግ ልሁን ብሎ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ቀዳላት። ያ ሁሉ ጋዝ በዚያ ጥብቅ ልብስ ውስጥ ምን ሊሆን ነው? ፊቷ ገረጣ፣ ጉልበቷ ከዳት። ደግነቱ ልብስ ሰፊ የሆነች ዘመዳችን አብራን ነበረች፤ ሮጣ ክሩን አላላችው። ልጅቷ ትንፋሿ ተመለሰ።

«ጥፋቱ የልብሱ አይደለም» አለችኝ ልብስ ሰፊዋ በኋላ። «ኮርሴት ሲለካ ወገብ ብቻ አይለካም። የጎድን አጥንቱም፣ ዳሌውም፣ ቁመቱም ይለካል። ቁጭ ተብሎም ይሞከራል። ከኋላ ሁለቱ ጠርዞች ሙሉ በሙሉ መግጠም የለባቸውም፤ ጥቂት ጣቶች የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ካልሆነ ልኩ የሷ አይደለም ማለት ነው። ደግሞ በአንድ ቀን አይጠበቅም፤ ሰውነት ቀስ እያለ ይለምደዋል።»

እኔ እንደ ብዙዎቻችሁ ኮርሴት ማለት የእንግሊዝ ወይዛዝርት ራሳቸውን የሚያሠቃዩበት ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንደዚያ ብቻ አይደለም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ከ1837 እስከ 1901 ባለው ጊዜ፣ ኮርሴት የሠራተኛ ሴቶችም የዘወትር ልብስ ነበር። ብዙዎቹም እየሠሩበት የሚውሉበትን ያህል ብቻ ነበር የሚያጠብቁት። ወገብን ቀጭን ያስመሰለው ኮርሴቱ ብቻውን አልነበረም። ከሥሩ የተነፋው ቀሚስ፣ ዳሌና ደረት ላይ የሚጨመረው ልባድም ጭምር ነው። ቅጥነት በንጽጽር የሚታይ ነገር ነውና! ከዘመኑ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ከፊት የሚከፈት ብረት ስለተበጀለት ባለቤቷ ብቻዋን ልታወልቀው ትችል ነበር። የኛ ቬሎ ግን ይህ የለውም። ያሰረሽ ሰው እስኪፈታሽ ትጠብቂያለሽ።

እዚህ ላይ መቀነት ትዝ አለኝ፤ ኦሮምኛው ሰበታ ይለዋል። እናቶቻችንም ወገባቸውን ያስራሉ። የሐበሻ ቀሚስ ወገብ ላይ ካልታሰረ ቅርጹ አይወጣም። አራስ ሆዷን ጠበቅ አድርጋ ትታሰራለች። ሸክም የሚሸከሙትም ወገባቸውን ሳይታጠቁ አይነሱም። ነገር ግን መቀነት ልክ የለውም። እርጉዝ ስትሆን ይላላል፣ ስትከሳ አንድ ዙር ይጨመራል። ጫፉ ላይ የቋጠረቻት ብር ደግሞ የራሷ ናት። ቋጠሮውንም የምታስረው ራሷ ናት።

ታዲያ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሰው አምሮ ለመታየት ራሱን ቢያጠብቅ ነውር ነው? እኔ አይመስለኝም። ክራባት አንገቴን አንቆኝ ስብሰባ የዋልኩ ሰው ምን አፍ አለኝ? ፍላጎቱ የማን እንደሆነ ግን መጠየቅ አለበት።

አሁን ልናዘዝ። ከሠርጉ ሁለት ወር በፊት ልጅቷ ፊቴ ቆማ፣ «ጋሼ፣ እንዴት ነኝ?» ብላኝ ነበር። እኔም እየሳቅሁ፣ «ጥሩ ነሽ፤ ከሠርጉ በፊት ብቻ ትንሽ ቀነስ በይ» አልኳት። ክፋት አስቤ አይደለም፤ ጨዋታ መስሎኝ ነው። ጉደር ዳር ስትንገዳገድ ያየሁት ያንን ቃሌን ነው። ሚዜዎቹ ክሩን ሳቡ እንጂ የመጀመሪያውን ዙር ያጠበቅሁት እኔ ነበርኩ። አክስቶቿም፣ ጎረቤቱም፣ ፎቶ አንሺውም እንደዚሁ በየተራ ሳብ ሳብ ሳያደርጉ አልቀሩም።

በመልሱ ዕለት የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ መቀነቷን ታጥቃ መጣች። ጠጋ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ! እኔም እኮ ወድጄው ነበር። ቀጥ ብዬ ስቆም ደስ ብሎኛል።»

አመንኳት። ግን «ደስ ብሎኛል» የሚለው ምን ያህሉ የሷ፣ ምን ያህሉ የኛ እንደሆነ እሷም ሆነች እኔ ለይተን ልንናገር አንችልም። ስለዚህ ለራሴ አንዲት ትንሽ መለኪያ አበጀሁ፦ የጠበቀውን ነገር ባለቤቱ ሲደክመው በገዛ እጁ ሊያላላው ይችላል ወይ? ከቻለ ጌጥ ነው፣ ካልቻለ ግን እስራት። ይህ ለልብስ ብቻ አይደለም፤ ለትዳርም፣ ለሥራም፣ ለይሉኝታም ይሠራል።

ከእንግዲህ «እንዴት ነኝ?» የምትለኝ ልጅ ካለች መልሴ አጭር ነው። «ይመችሻል?» ብዬ መልሼ እጠይቃታለሁ።