ባለ ሁለት ዓይን ፊት

ሠዓሊ የሰውን ፊት ሲሥል ይፈርዳል። በጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይህ ፍርድ በግልጽ ይነበባል፤ ቅዱሳን ፊታቸውን ወደ ምእመኑ አዙረው፣ ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ይሁዳና የጌታ ሰቃዮች ግን ወደ ጎን ዞረው ባንድ ዓይን ይቀራሉ። ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ አልፎ እስከ ዛሪማ ባለው አገር ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ጻድቁን ከኃጥኡ በዓይኑ መለየት አያቅተውም። የግድግዳው ሠዓሊ ፍርዱን ከራሱ አላመጣውም። ከወንጌል፣ ከገድልና ከመምህሩ ተቀብሎታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስሙንም አይጽፍበትም። ነገሩ የሚከብደው ሠዓሊው ከገዛ ሕይወቱ ሲነሣ ነው፦ ባንድ ዓይን ሲሣሉ ከኖሩት አንዱ እሱ ራሱ ቢሆንስ?

አሜሪካዊው የኮሚክስ ሠዓሊ ሃዋርድ ክሩዝ ይህ ጥያቄ የገጠመው ሰው ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1944 አላባማ ውስጥ ከሰባኪ አባት ሲሆን፣ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነበር። በ1954 የአገሩ አሳታሚዎች ያወጡት የኮሚክስ ደንብ እንደ እሱ ያለውን ሰው መሣል ይቅርና በጎን መጠቆምን እንኳ ከለከለ፤ ክልከላው የላላው በ1989 ነው። ክሩዝ በልጅነቱ «ሊትል ሉሉ» የተባለውን የሕፃናት ኮሚክ ይወድ ነበር፤ በኋላም በ1960ዎቹ ከደንቡ ውጭ ይታተሙ የነበሩት ኮሚኮች ማረኩት። «ቤርፉትዝ» በተባለው ሥራው ክብ ፊት፣ ሙሉ ልብስና ባዶ እግር ያለውን ሰውዬ ከበረሮዎቹ ጋር ሣለ። በ1976 ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ፣ ሠዓሊው ሄድራክ፣ ማንነቱን በይፋ ተናገረ። በ1980 ክሩዝ የ«ጌይ ኮሚክስ» የመጀመሪያው አዘጋጅ ሆነ፤ ይህን መጽሔት ያየችው አሊሰን ቤክደል በ1983 የራሷን ተከታታይ ኮሚክ ጀመረች።

ትልቁ ሥራው በ1995 የታተመው «ስታክ ረበር ቤቢ» ነው። አራት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ገጾቹን ላየ ሰው ይህ አይደንቅም። ጥላው ሁሉ በቀጫጭን መስመሮች ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ ጉንጭ፣ ግንባር፣ የአንገት እጥፋት እየተጫረ፣ እየተጫረ ከነጭ ወረቀት ይወጣል። ታሪኩ ጥቁሮች ለመብታቸው በሚታገሉበት በ1960ዎቹ፣ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ይካሄዳል። ቄስ ሃርላንድ ፔፐር የትግሉ መሪ ናቸው፤ ልጃቸው ሌስ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነው። ሰባኪ አባት የነበረው ክሩዝ እንዲህ ያለ አባት መሣሉ በአጋጣሚ አይመስልም። በሃይማኖት ላይ ቂም ይዞ ቄሱን ባንድ ዓይን ሊያስቀራቸው ይችል ነበር፤ እሱ ግን ክብር ሰጣቸው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ኃጢአት ብላ ታስተምራለች፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 629 ይከለክለዋል። ሆኖም በድርጊት ላይ መፍረድና የሰውን ፊት መጉመድ ለየቅል ናቸው። ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል ተፈጠረ የሚለው ቃል ጻድቁን ከኃጥኡ ሳይለይ የተነገረ ነው። በግድግዳው ሥዕል አንዱ ዓይን የይሁዳን ክህደት የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ምልክቱን ከግድግዳው አውርዶ በጎረቤት ፊት ላይ መለጠፍ ግን ከአባቶች ሥዕል የተማርነው አይደለም።

ክሩዝም ለወገኑ አላዳላም። የ«ስታክ ረበር ቤቢ» ዋና ገጸ ባሕርይ ቶላንድ ፖልክ ከደራሲው ሕይወት ብዙ ወስዷል፤ ነገር ግን ጀግና አይደለም። ማንነቱን ይሸሻል፣ መናገር ሲገባው ዝም ይላል። በመጽሐፉ ውስጥ ጠንካራው ፍርድ የወደቀው በሠዓሊው በራሱ ላይ ነው።