ዕድልና አጋጣሚ በፎቶግራፍ ጥበብ

በመብረር ላይ ያለች ቢራቢሮ ክንፏን እንደ ዘረጋች፣ ቀለሟ ሳይደበዝዝ የታየችበት ፎቶግራፍ ለተመልካች ሲቀርብ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንዱ «እንዴት ያለ ጥበብ ነው!» ሲል ያደንቃል፤ ሌላው «ዕድል ቀንቶት ነው» ብሎ ያልፋል። ታዲያ ምስጋናው የሚገባው ለማን ነው? ጥያቄው የአንድ ፎቶግራፍ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ የሰውን ሥራ በምን ሚዛን እንመዝናለን የሚል የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ እንመልከት። ዓይን ካየበት ጊዜ አንሥቶ ጣት የካሜራውን ቁልፍ እስኪጫን የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ያልፋል። በሴኮንድ 2 ሜትር የምትበር ቢራቢሮ በዚያች ቅጽበት 40 ሳንቲ ሜትር ርቃ ትሄዳለች። ከቅርብ ሲነሣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ስፍራ ደግሞ የጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ብቻ አለው። በዚያ ላይ ቢራቢሮ ቀጥ ብላ አትበርም፤ ወዲያና ወዲህ ማለቷ ወፎች በቀላሉ እንዳይቀልቧት ይረዳታል። ወፍን የሚያስት በረራ ፎቶግራፍ አንሺንም ያስታል።

እንግሊዛዊው ስቲቨን ዳልተን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነፍሳቱ በበረራ ላይ የብርሃን ጨረር ሲያቋርጡ ካሜራው በራሱ እንዲያነሣ አደረገ፤ ፍላሹም የሚበራው ለሴኮንድ 1/25,000 ያህል ብቻ ነበር። የጣት መዘግየት በዚህ ተወገደ። ሆኖም በዚያች ቅጽበት ክንፉ ተዘርግቶ ይገኝ ወይስ ታጥፎ፣ መሣሪያው አያዝም። ዛሬ ቁልፉ ከመነካቱ በፊት ያለፈውን ቅጽበት የሚያስቀሩ ካሜራዎች አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ምስል ያበዛሉ እንጂ ቢራቢሮዋን አያዝዟትም።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ይረዳናል። ዕድል «አደለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ የታደለ ሰው ተቀምጦም ይቀበላል። አጋጣሚ ግን ከ«ገጠመ» የመጣ በመሆኑ ሁለት ወገን ይሻል፤ ከስፍራው ያልተገኘ ምንም አይገጥመውም። ርቀቱን ለክቶ፣ ብርሃኑን መርምሮ፣ ረፋዱን ሙሉ ከአበባው አጠገብ ተንበርክኮ የጠበቀ ሰው የክንፉን አዘረጋግ አልፈጠረም፤ መገኘቱ ግን የራሱ ነው። ምስጋናውም እስከዚያ ድረስ ነው።

ከዚህ ሁለት ግዴታ ይከተላል። አንደኛው አለመዋሸት ነው። አጋጣሚን መታገሥ ያቃተው ሰው ቢራቢሮዋን በብርድ አደንዝዞ፣ ወይም የሞተችውን በመርፌ ሰክቶ «በረራ» ብሎ ሊያቀርብ ይችላል። እንዲህ ያለው ምስል ቢያምርም፣ ነጻነቷን ከቢራቢሮዋ ስለ ነጠቀ በረራ አይደለም። ሁለተኛው የተጣለውን አለመደበቅ ነው። 36 ምስል ከሚይዝ ጥቅል ፊልም አንድም ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። ለተማሪው የተሳካውን አንድ ብቻ የሚያሳይ መምህር፣ ተማሪው የራሱን ውድቀት እንደ ስንፍና እንዲቈጥር ያስተምረዋል።

እንግዲህ አንድ የጥበብ ሰው «አጋጠመኝ» ሲል ሥራውን ማሳነሱ አይደለም። እኩል ደክሞ ባዶ እጁን ለተመለሰው ባልደረባው የሚገባውን ክብር መመለሱ ነው።