በጅምሩ ስለ ተቋረጠ ሕክምናና ስለ ክርስቲያን ትዕግሥት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት ሆይ፤ ሰው በዚህ ዓለም ከሚያጋጥመው ኀዘን መካከል፣ ልቡን አዘጋጅቶና ገንዘቡን ከፍሎ የጀመረው ነገር ከመንገድ ሲቀርበት የሚሰማው ኀዘን ብርቱ ነው። ያልተጀመረ ነገር ቢቀር ቶሎ ይረሳል፤ ተጀምሮ የቀረ ግን ቁስሉን ትቶ ይሄዳል። ዛሬ የምንናገርበትም ከዚህ ዓይነት ኀዘን አንዱ ነው። ይኸውም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያስጨነቀው ሰው ጨጓራውን ለማሳነስ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ከተኛ በኋላ፣ ሐኪሞች ሥራውን ሳይፈጽሙ ሰፍተው ሲያስነሡት የሚደርስበት ኀዘን ነው። ይህ ነገር ለመንፈሳዊ መጽሔት ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በሥጋ ላይ የወደቀው መከራ ወደ ነፍስ ሲሻገር መምህር ዝም ሊል እንደማይገባው ያስተውል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩት ምእመናን መካከል ይህን ሕክምና የሚሹ አሉና፣ ካህናትም ነገሩን ማወቅ ይገባቸዋል።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ እንናገር። ሆዳምነት ኃጢአት መሆኑን አባቶቻችን አስተምረዋል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ወፍራም ሁሉ ሆዳም አይደለም፤ ቀጭንም ሁሉ ጿሚ አይደለም። ሰውነት ርኃብንና ጥጋብን የሚያውቅበት የራሱ ሥርዓት እንዳለው፣ ይህም ሥርዓት በትውልድ፣ በበሽታና በኑሮ ምክንያት ሊዛባ እንደሚችል ዛሬ የታወቀ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የነበሩ ሊቃውንት ከስብ ወጥቶ ለአንጎል ስለ ጥጋብ የሚናገረውን ሌፕቲን የተባለ ንጥረ ነገር አገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸውም በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ ከመጠን ካለፈ ውፍረት ጋር ይኖር ነበር። ይህ ሕመም የስኳር በሽታን፣ የደም ግፊትን፣ የልብንና የጉበትን ደዌ ያስከትላል። እንግዲህ ታማሚውን ያለ ምርመራ ኃጢአተኛ ማለት ፍርድን ከፈራጁ እጅ መንጠቅ ነው።

ሕክምናው ደግሞ እንደሚከተለው ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሜሰን የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ጨጓራን ከፍለው ከአንጀት ጋር የሚያገናኘውን ቀዶ ሕክምና ለውፍረት ጀመሩ። ዛሬ በብዛት ከሚደረጉት አንዱ ከጨጓራው ከ5 እጅ 4ቱን ያህል ቆርጦ በማውጣት የቀረውን እንደ ቀጭን ከረጢት ማድረግ ነው። ሐኪሞቹ ሆድን በሰፊው ሳይቀዱ በትንንሽ ቀዳዳዎች መብራት ያለው መሣሪያ አስገብተው ይሠራሉ። ታማሚውም ከዚያ አስቀድሞ ብዙ ጊዜ ለ2 ሳምንት ያህል ምግቡን እጅግ እንዲቀንስ ይታዘዛል፤ ይህም በስብ የተሞላው ጉበት እንዲያንስና ከሥሩ ያለው ጨጓራ እንዲታይ ነው።

ሆኖም ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ጉበቱ አሁንም ትልቅ ሆኖ መንገድ ይከለክላል፤ ወይም ጠባሳ ይዞና ጠንክሮ ይገኛል፤ ወይም ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና የተነሣ የሆድ ዕቃ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይገኛል፤ ወይም ያልታሰበ እብጠት ይታያል፤ ወይም በማደንዘዣው ጊዜ ልብና ትንፋሽ ይታወካሉ። ያን ጊዜ አስተዋይ ሐኪም እጁን ይሰበስባል። ይህን ማድረጉ ድካም አይደለም። ለመጀመር ከሚያስፈልገው ድፍረት ይልቅ ለመተው የሚያስፈልገው ድፍረት የሚበልጥበት ሰዓት አለና፣ ጀምሬአለሁ ብሎ ሰውን ከሚገድል፣ ትቶ በሕይወት የሚያስነሣ ይሻላል።

ነገር ግን ታማሚው ይህን ሁሉ ማደንዘዣው ሲለቀው በአንድ ጊዜ አይረዳውም። ዐይኑን ሲገልጥ የቁስሉ ሕመም አለ፤ የናፈቀው ለውጥ ግን የለም። ጨጓራው ትናንት እንደ ነበረ ነው። ንስሐ ገብቶ፣ ሥጋውንና ደሙን ተቀብሎ፣ ምናልባትም ለልጆቹ አደራ ተናግሮ ነበር። ከዘመድ ሰውሮት ከሆነ ኀዘኑን የሚነግረው አያገኝም፤ ነግሮ ከሆነም «ምነው አልቀነስህም» የሚለውን ጥያቄ ይፈራል። በዚህ ጊዜ ሁለት ክፉ ምክሮች ይመጡበታል። አንዱ «እግዚአብሔር ጠልቶሃልና በደጅ መለሰህ» ይላል። ሁለተኛው «እንግዲህ ሁሉ ነገር ከንቱ ነውና እንደ ልብህ ብላ፣ መድኃኒትህንም ተው» ይላል። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ እርሱም ተስፋ መቁረጥ ነው።

ወንድሞቼ ሆይ፤ የተከለከለ ሁሉ የተጠላ አይደለም። ንጉሡ ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ ባሰበ ጊዜ ነቢዩ ናታን በመጀመሪያ ሐሳቡን አጽድቆለት ነበር። በዚያው ሌሊት ግን የእግዚአብሔር ቃል ወደ ናታን መጣና ሥራው በዳዊት እጅ እንደማይፈጸም ተነገረ፤ ይህም በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 7 ተጽፎ ይገኛል። እነሆ፣ ፈቃድ ከተነገረ በኋላ የመጣ ክልከላ! ዳዊት ግን አልተናቀም፤ በዚያው መልእክት ታላቅ ተስፋ ተሰጠው፤ ሰሎሞንም በኋላ እንደ መሰከረው አሳቡ ራሱ መልካም ተብሎ ተቈጠረለት። እኛ የሐኪምን መሣሪያ ከነቢይ ቃል ጋር አናስተካክልም፤ ሕክምናው የቆመውም በሥጋ ምክንያት መሆኑን አስቀድመን ተናግረናል። ከዳዊት የምንማረው፣ የተከለከለ ሰው ከክልከላው በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። እርሱም 3 ነገር አደረገ።

1ኛ፤ ገብቶ በእግዚአብሔር ፊት ተቀመጠ። አልሸሸም፣ አልተደበቀም። ሕክምናው የተቋረጠበት ሰውም ኀዘኑን ይዞ በጸሎት ይቅረብ። ማልቀስ ክሕደት አይደለም፤ ያዘነውን ቶሎ ደስ ይበልህ ማለትም ማጽናናት አይደለም። ነፍስ አባቱን ጠርቶ የሆነውን ሁሉ ይንገረው።

2ኛ፤ የተሰጠውን ቈጥሮ አመሰገነ። ታማሚው ከዚያ ጠረጴዛ በሕይወት ተነሥቷል። ምናልባትም ተሰውሮ የነበረ ደዌ በዚያ ቀን ታይቶለታል፤ ያ ጉበት ባይታይ ኖሮ ሳይታከም በጨለማ ይቈይ ነበር። ይህን ማሰብ ኀዘንን ባያጠፋም መጠን ይሰጠዋል።

3ኛ፤ አዘጋጀ። በ1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 22 እንደምናነበው ዳዊት ድንጋዩን፣ ብረቱንና ዝግባውን ሰበሰበ። የተከለከለው ፍጻሜው እንጂ ድካሙ ሁሉ አልነበረም። ታማሚውም እንዲሁ ያድርግ። ቀዶ ሐኪሙን ምን እንደ ተገኘ፣ የተገኘው ነገር ራሱ መታከም ያስፈልገው እንደ ሆነ፣ በሩም ለዘለዓለም ተዘግቶ ወይም ለጊዜው ብቻ ቈይቶ እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ለቀዶ ሕክምናው ሲባል የተቀነሰ ወይም የቆመ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ቢኖር፣ ሕክምናው አልተፈጸመምና መጠኑን ሳይውል ሳያድር ያስወስን። ደም በእግሩ እንዳይረጋ እንደ ታዘዘው ይነሣና ይራመድ። መንገዱ በትልቅ ጉበት ምክንያት ተዘግቶ ከሆነ፣ በምግብ ሥርዓት ከቀነሰ በኋላ ዳግመኛ ሊሞከር ይችላል። ሌላም መንገድ አለ፤ ለምሳሌ ሴማግሉታይድ የተባለው በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለውፍረት ሕክምና ተፈቅዷል። የትኛው እንደሚስማማው ሐኪሙ ይወስን።

ስለ ጾም አንድ ቃል እንጨምር። ቍስሉ ያልሻረ ሰው ከኀዘን የተነሣ በራሱ ፈቃድ ጽኑ ጾም ልጀምር ቢል፣ ካህኑ በፍቅር ይከልክለው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች፤ ሸክሙንም በነፍስ አባቱ ምክር ታቀልለታለች። ጾም የነፍስ መድኃኒት እንጂ በሥጋ ላይ የሚፈጸም በቀል አይደለም። በጤናው ሲጾምም ቀኑን ሙሉ ውሎ ማታ ከልክ በላይ መብላት የጾምን ፍሬ ያጠፋልና፣ በመጠን መፈሰክን ይልመድ። ጠበል የሚጠመቅም የሐኪሙን መድኃኒት አይተው፤ በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 እንደ ተማርነው ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው።

ካህናት አባቶች ሆይ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ስትጠይቁ ምክንያቱን በእግዚአብሔር አፍ ሆናችሁ አትናገሩ። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀን ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ ከኀዘንተኛው ጋር ነበሩ፤ አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መስጠት ሲጀምሩ ግን ሸክም ሆኑበት። የታማሚውንም ምሥጢር ጠብቁ። ቤተ ዘመድም በማዕድ ጊዜ የሚበላውን እየቈጠረ አያሳፍረው፤ «ብላ እንጂ፣ በሞቴ» እያለ በጕርሻ አያስጨንቀው። ለእርሱ የሚስማማውን ምግብ ለቤቱ ሁሉ ማዘጋጀት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

አንተም፣ አንቺም፣ ይህ መከራ የደረሰባችሁ ሆይ፤ በሆዳችሁ ላይ የቀሩት ትንንሽ ጠባሳዎች የውርደት ምልክት አይደሉም። ለመዳን ፈልጋችሁ ስለ ነበረ የተቀበላችኋቸው ናቸው። ሥጋችሁ በሚዛን ላይ የሚከብደውን ያህል ቢከብድም በጥምቀት የከበረ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው፤ ክብሩም ሐኪም እስኪቀንሰው ድረስ የሚጠብቅ አይደለም። ሥራው ለዛሬ ቆመ እንጂ እናንተ አልተተዋችሁም። ነገ ደግሞ ተነሥታችሁ የታዘዛችሁትን ጥቂት እርምጃ ተራመዱ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ።

የሐኪሞችን እጅ የሚመራ፣ ያዘኑትን የሚያጽናና አምላካችን እግዚአብሔር፣ በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ በየቤቱና በየሐኪም ቤቱ ያሉትን ሕሙማን ይማርልን፤ ለሚያስታምሙትም ትዕግሥቱን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።