በሬው ሐኪም አለው፣ ውሻውስ?

ከጎንደር በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው ጎርጎራ፣ በሬ መኖ ትቶ ጆሮውን ከጣለ ባለቤቱ እንቅልፍ የለውም። ጎረቤት አስተባብሮ ወደ ከብት ክሊኒክ ይነዳዋል፤ መንዳት ካልተቻለ ሐኪሙን ለምኖ ቤቱ ድረስ ያመጣዋል። ገንዘብ ቢያጥረው ይበደራል። በሬ የሞተበት ገበሬ ቀንጃ ይቀራል፤ እንደ እሱ ቀንጃ የቀረ ሰው ፈልጎ ካልተቀናጀ ደግሞ የደምቢያን ጥቁር አፈር በወቅቱ ማረስ አይችልም፤ መሬቱን በእኩል ለመስጠት ይገደዳል። በዚያው ግቢ ጀርባዋ በጭነት የተላጠ አህያ ቆማለች። ቁስሏ ላይ አመድ ይነሰነሳል፣ ሳይደርቅም እንደገና ትጫናለች። በሩ ላይ የታሰረው ውሻ ቢያነክስ ግን «ሐኪም ይየው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሳቅ ነው።

ሦስቱም የአንድ ቤት አገልጋዮች ናቸው። አንዱ ያርሳል፣ አንዷ ትሸከማለች፣ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል። ሕመማቸው ግን በእኩል ዓይን አይታይም። ነገሩ ከሕክምና አልፎ የሃይማኖት ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሰው ለእንስሳው የሚያደርገው እንክብካቤ ንብረትን ከመጠበቅ ያለፈ ግዴታ ነው? ወይስ እንስሳው ዋጋ ሲያጣ ምሕረቱም አብሮ ያልቃል?

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ የሰውን ነፍስ ነባቢት፣ ልባዊትና ሕያዊት ይሏታል፤ ትናገራለች፣ ታስባለች፣ ሞት አያጠፋትም። እንስሳት ግን በደመ ነፍስ ሕያዋን ናቸው፤ ደማቸው ሲፈስ ሕይወታቸውም ያከትማል። ከዚህ ትምህርት ተነሥቶ «እንግዲያማ እንስሳ ቢሰቃይ ምን አለበት?» የሚል አለ። ትምህርቱ በትክክል ከተያዘ ግን የሚያደርሰው ወደ ተቃራኒው ነው። ሰው በዚህ ዓለም ግፍ ቢደርስበት በወዲያኛው ዓለም ካሳ እንዳለው ያምናል፤ አልዓዛር ከሀብታሙ ደጅ ተነሥቶ በአብርሃም እቅፍ ያርፋል። ጀርባዋ ለቆሰለው አህያ ግን የሚጠብቃት ሌላ ዓለም የለም። ያላት ይህ ሕይወት ብቻ ከሆነ፣ ሊደረግላት የሚገባው ሁሉ ዛሬ፣ በዚህ ጀርባዋ ላይ መደረግ አለበት። ለእንስሳ የሚገባው ምሕረት ቀጠሮ የማይሰጠው ስለዚህ ነው።

መጻሕፍቱም ከዚህ አይርቁም። ሰንበት ሲታዘዝ ዕረፍቱ ለበሬውና ለአህያውም ተሰጥቷል። የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር በሕግ ተከልክሏል። በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም በፊት የሚጾመው የሦስት ቀኑ ጾመ ነነዌ ታሪኩ የሰው ብቻ አይደለም፤ በንጉሡ አዋጅ ከብቶቹና በጎቹም መኖና ውሃ ተከልክለው ማቅ ለብሰዋል። እግዚአብሔር ከተማይቱን ለምን እንደማረ ለዮናስ ሲያስረዳ መጨረሻ ላይ የሚጠቅሰው እንስሶቿን ነው፤ መጽሐፉም እዚያው ላይ ያበቃል። ጾሙን በታማኝነት የሚጾም ምእመን ይህን መጨረሻ ልብ ሊለው ይገባል።

ሙሉ ቅጂው በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ፣ አዳም ከገነት እስከወጣባት ቀን ድረስ እንስሳት ሁሉ ይናገሩ እንደነበር ይተርካል። አፋቸው የተዘጋው በሰው ውድቀት ቀን ነው። ኩፋሌን በቀኖናዋ የያዘች ቤተ ክርስቲያን ልጅ የእንስሳን ዝምታ አይቶ «አይሰማውም» ቢል የራሱን መጽሐፍ አላነበበም ማለት ነው።

«አይሰማውም» የሚለው ሐሳብ ግን በሩቅ አገር ፈላስፋ አግኝቶ ነበር፤ ታሪኩም ጎርጎራን ይነካል። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጎርጎራ የአፄ ሱስንዮስ መናገሻ ነበረች። ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ለንጉሡ በዚህ ዳርቻ ቤተ መንግሥት አስገንብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈውም በዚሁ ነው። በፓኤዝ ማኅበር ትምህርት ቤት የተማረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ እንስሳት ነፍስ የሌላቸው፣ እንደ ሰዓት የሚንቀሳቀሱ ማሽኖች ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ተከታዮቹ የውሻን ጩኸት የማሽን ድምፅ አድርገው እስከመቁጠር ደረሱ። በዚያው ዘመን ኩፋሌን በብራና የሚያነብ የኢትዮጵያ መነኩሴ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር መገመት አያስቸግርም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው፣ ወፍ ከዓይናቸው ዕንባ ስትጠጣ ይሣላሉ። በውሃ ጥም ልትሞት የደረሰችን ወፍ ያዳነ ዕንባ በዚህ አገር የቅድስና ምልክት ነው።

ውሻ ላይ ሲደርስ ግን ልብ ይጠብባል። ውሻ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ በእስልምናም ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እንዲታጠብ ታዟል። ይህ የንጽሕና ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱም ይከበር። የጭካኔ ፈቃድ አድርጎ የወሰደው ሰው ግን ከሁለቱም ሃይማኖት ውጭ ቆሟል። ነቢዩ ሙሐመድ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ ይቅር እንደተባለለት፣ ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት ደግሞ እንደተቀጣች ተናግረዋል። በክርስቲያኑ ወገን፣ በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው ይከተለዋል። ሩፋኤል የመጣው ሊፈውስ ነው፤ ከፈዋሽ መልአክ ጋር በአንድ ጎዳና የሄደን ፍጥረት ከሐኪም ደጅ ማባረር በምን ይጸድቃል?

እንግዲህ የሐኪሙ ደጅ ምን ይመስላል? በጣና ዙሪያ የከብት ሕመም ከውሃው ጋር የተያያዘ ነው። ሐይቁ ሲሸሽ የሚወጣው ረግረግ ሣር ከብቱን ያጠግበዋል፤ በዚያው ረግረግ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ግን የጉበት ትል ያስተላልፋሉ። የታመመው ከብት ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ አገጩ ሥር ውሃ ይቋጥራል። አልቅት ጉሮሮውን ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው የእምቦጭ አረም ደግሞ የግጦሹን ዳርቻ ወርሯል። በዚህ ላይ አባ ሰንጋና አባ ጎርባ የተባሉ የከብት በሽታዎች አሉ፤ ሁለቱም በየዓመቱ በሚሰጥ ክትባት የሚመከቱ ናቸው።

ገበሬው ስለ ክሊኒኩ ሲጠየቅ ምስጋናና ምሬት በአንድ አፍ ይወጣዋል። ምስጋናው በክትባት ዘመቻ የበረዶ ሣጥን ተሸክሞ ቀበሌ ለቀበሌ በእግሩ ለሚዞረው ባለሙያ ነው፤ ምጥ የጠናባትን ላም እኩለ ሌሊት እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ጥጃዋን ላወጣላት ነው። ምሬቱ ደግሞ የሚታወቅ ነው። የእንስሳት ጤና ኬላው ተዘግቶ ይገኛል። ሲከፈትም መድኃኒት የለም፤ ባለቤቱ «ከግል ፋርማሲ ግዛ» ይባላል። እዚያም ሲያጣ ገበያ ላይ ፀሐይ የመታው ኪኒን በግምት ይገዛል፣ ግማሹን ዛሬ ይሰጥና ሌላውን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል። እንዲህ ባለ አሰጣጥ ትሉም ተህዋሲውም መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ በወተቱና በሥጋው የሚቀረው ቅሪትም ወደ ሰው ይተላለፋል። ክትባት የተወጋች ላም ካስጨነገፈች ወሬው አገር ያዳርሳል፤ በሚቀጥለው ዘመቻ ብዙዎች ከብታቸውን ይደብቃሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱንም አቅርቦቱንም አክብዶታል። ባለሙያው በባዶ እጁ እንደሚቆም እያወቁ በሱ ላይ ብቻ መፍረድ ተገቢ አይሆንም።

አባ ሰንጋ የባለቤቱን ሕሊና ከሁሉ አብልጦ ይፈትናል። በበሽታው የሞተ ከብት ቆዳው ሳይገፈፍ፣ ሥጋው ሳይከፈት በጥልቅ መቀበር አለበት፤ ተህዋሲው በአፈር ውስጥ አሥርተ ዓመታት ይቆያል። ከስሮ የቆመ ገበሬ ግን ሊሞት ሲል አርዶ ለጎረቤት በቅርጫ ለማካፈል ይፈተናል። ክሊኒኩ ቅርብና የታመነ በሆነበት ቀበሌ ይህ ፈተና ይቀላል። ሩቅ በሆነበት ግን ኪሳራውን የሚካፈሉት ሥጋውን የተካፈሉት ናቸው።

የዚህ አገር ሰው የከብት ሐኪም አለመኖር ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን የጀመረው በከብት በሽታ ነው፤ ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው ደስታ የተባለው በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደፈጀ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፍቶ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል። በሽታው ከኢትዮጵያ የወጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ቅዝቃዜ ሳያስፈልገው የሚቆይ ክትባት ተሠርቶ፣ የአፋር አርብቶ አደሮች ራሳቸው ሠልጥነው መርፌውን ይዘው ከብቱ ያለበት ድረስ ሄዱ። የመጨረሻው ወረርሽኝ እዚያው አፋር እ.ኤ.አ. በ1995 ታየ፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ምሕረት እግር ሲያበጅ እስከዚህ ይደርሳል።

አህያስ? ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ አህዮች አሏት። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሥራ ሲጀምር ሕዝቡ አጉረመረመ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ቄራው ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲቆም ወሰኑ። ያ የሕዝብ ቁጣ እውነተኛ ነበር፣ ሊመሰገንም ይገባል። ነገር ግን አህያን ከቢላ ያዳነ ሕዝብ ከጭነቱም ቁስል ሊያድናት ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ለስላሳ መደላድል፣ ልክ ያለው ጭነትና ቁስሉ እስኪደርቅ ዕረፍት ነው። ዶንኪ ሳንክቹሪና ስፓና የተባሉ የእርዳታ ድርጅቶች በቢሾፍቱና በሌሎች አካባቢዎች አህዮችንና የጋሪ ፈረሶችን በነጻ ሲያክሙ ቆይተዋል። ሐኪም እንዳለ ሲያውቅ አህያውን እየነዳ የሚመጣው ባለቤት ብዙ ነው። የሚከለክለው ጭካኔ ሳይሆን የሐኪም መራቅ እንደነበር ይህ ያሳያል።

ወደ ውሻው እንመለስ። በጎንደርና በባሕር ዳር ውሻና ድመት የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ክሊኒኮቹ በአብዛኛው ለቀንድ ከብት የተደራጁ ናቸው። አንዳንዱ ባለሙያ ውሻውን በትዕግሥት ይዞ ያክማል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት መስጠቱም ለአካባቢው ትልቅ ሀብት ነው። ሌላው ጋ ግን ባለቤቲቱ ያቀፈችውን ቡችላ አይተው «ለውሻ ብለሽ ነው?» የሚሏት አሉ። ይህች ሴት ሁለተኛ አትመጣም። ቡችላው ሳይከተብ ያድጋል፣ መንደሩ ውስጥ ይዞራል፤ ሳቁ ያስከፈለው ዋጋ የሚታየው ያኔ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ የሚያዘው ከውሻ ነው፣ ከሟቾቹም መካከል ብዙ ልጆች አሉ። ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ ግን ስርጭቱ ይቋረጣል። ከደጋ ውሾች የሚተላለፈው ይኸው በሽታ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ ፈጅቷል። እንግዲህ ለአንድ ተራ የግቢ ውሻ የሚሰጥ መርፌ ልጁንም፣ ላሟንም፣ በሌላ አገር የማይገኘውን አውሬም ይጠብቃል። ውሻን ርኩስ ነው ብሎ ማራቅ ማንንም አላዳነም፤ ያልተከተበ ውሻ በመርዝ ቢገደል ሌላ ያልተከተበ ውሻ ቦታውን ይይዛል።

«ሰው ሐኪም አጥቶ እየሞተ ለውሻ?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የሚለውም ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ያጣ ሰው ነው፤ ሊደመጥ ይገባል። ሆኖም የሁለቱ ጤና አንድ ሆኖ ሳለ ተቀናቃኝ አድርጎ ማቅረቡ ስሕተት ነው። የተነከሰ ልጅ የሚያስፈልገው ተከታታይ ክትባት ከውሻው አንድ መርፌ እጅግ ይወደዳል፤ ሁልጊዜም አይገኝም። የተነከሰ ሰው የሚወሰድበትን ጸበል በተመለከተ ደግሞ የካህናቱ ኃላፊነት ከባድ ነው። እምነት ጸበል ይወስዳል፣ ይህን ማንም አይነቅፍም። የተነከሰን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሳይልኩ ማቆየት ግን ነፍስ ያስከፍላል። በእምነትም በክትባትም መዳን የእግዚአብሔር ነው ብለው የሚያስተምሩ ካህናት ሕይወት እያተረፉ ነው።

ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በአብዛኞቹ ዓመታት የሚውለው መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት ነው። በጎርጎራም ሆነ በጣና ዙሪያ ያሉ አጥቢያዎችና መስጊዶች የክትባት ቀን ሲደርስ ከቅዳሴና ከጁምዓ በኋላ ያስታውቁ፤ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም የውሻ ክትባቱን ከከብቱ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ያድርጉት። ውሻ ያለው ሰው ለበሬው የሚቆርጠውን ገመድ ለውሻውም ይቁረጥና ይዞት ይምጣ። ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ደግሞ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ።