ሚዛኑን ማን ይመዝነው?

ስለ ፍትሕ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን በር ነው። የተዘጋ በር ግፍ ነው፤ የተከፈተ በር ደግሞ ፍትሕ። "ግቢ ተብላለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራሷ ጉዳይ ነው" እንላለን። ይህ አነጋገር ለጆሮ ይጥማል። እኔ ግን ግማሽ እውነት ነው ባይ ነኝ። ምስክሬን የምጠራው ከሩቅ አገር፣ ከአሜሪካ፣ ከሃርቫርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ነው።

ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። የታላላቅ ኩባንያዎች አለቆች ከሚወጡባቸው ደጆች አንዱ ነውና እዚያ መግባትና አለመግባት ተራ ነገር አይደለም። ሴቶች የሁለት ዓመቱን የማስተርስ ትምህርት ከመጀመሪያው ዓመት አንስቶ ከወንዶች ጋር እንዲማሩ የተፈቀደው ግን በ1963 ነበር። ይህን ለመፍቀድ 55 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ያን ጊዜ የገቡት ሴቶች 8 ብቻ ነበሩ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2013 በተመረቀው ክፍል ውስጥ የሴቶቹ ድርሻ ከሲሶ በልጦ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ታዲያ ፍትሕ ተፈጸመ?

በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ታይምስ ያወጣው ሰፊ ዘገባ ሌላ ነገር ነገረን። ሴቶቹ ሲገቡ በፈተና ውጤት ከወንዶቹ አያንሱም ነበር፤ እየቆዩ ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ። ለምን? በዚያ ትምህርት ቤት ዘጠና ያህል ተማሪ በአንድ ክፍል ተቀምጦ በአንድ ድርጅት ችግር ላይ ይከራከራል፤ ከማርኩም ግማሹ የሚሰጠው ለዚህ ተሳትፎ ነው። ሴቶቹ በጽሑፍ ፈተና ደህና እየሠሩ በተሳትፎ ማርክ ይወድቁ ነበር። "ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" ያሉት አባቶቻችን ይህን ክፍል ያዩ ይመስላል።

"እንግዲያው ይናገሩዋ! ማን ከለከላቸው?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ንግግር አፍ ብቻ አይበቃውም፤ ጆሮም ይፈልጋል። ማርኩ የሚሰጠው መምህሩ ከክፍሉ ሲወጣ ማን ምን እንዳለ በሚያስታውሰው ልክ ነበር። ትዝታ ደግሞ የለመደውን ድምፅ ይመርጣል። ትምህርት ቤቱ ሴቶቹን እጃቸውን ደፍረው እንዲያወጡ አሠለጠነ። በዚህም አላበቃም። የሚነገረውን በፍጥነት የሚጽፉ ጸሐፊዎችን በክፍሎቹ አስቀመጠ፤ መምህራኑ ለማን ዕድል እንደሰጡ፣ ማርኩም ለወንድና ለሴት እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘጋጀ። የማርኩ ልዩነት እየጠበበ ሄደ።

ይህ አድልዎ ነውን? ልብ በሉ፤ ጸሐፊው ለማንም ሴት አንድ ነጥብ አልጨመረም። ያልተናገረችውንም ተናገረች ብሎ አልመዘገበም። የሠራው አንድ ነገር ነው፤ ሚዛኑን መዘነ። ነጋዴ በሚዛኑ ላይ ሌላ ሰው ዓይኑን ሲጥል የሚቆጣው መቼ እንደሆነ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል።

ከማርኩ ሌላ የመማሪያው ታሪክ አለ። ክፍሉ ከሚከራከርባቸው ታሪኮች ውስጥ ዋናዋ ባለ ጉዳይ ሴት የሆነችባቸው ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የትምህርት ቤቱ ዲን ኒቲን ኖህሪያ በጥር 2014 በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀው፣ ድርሻው በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 20 ከመቶ ከፍ እንዲል ቃል ገቡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ውሳኔ ሰጪ ወንዶች ሲያነብ የኖረ ተማሪ፣ ማንም በቃል ሳይነግረው፣ አለቃ ምን እንደሚመስል ተምሮ ይወጣል። ተማሪዋም እንደዚያው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ድሆች አይደሉም፤ የእነሱ ማርክ ለጉልት ነጋዴዋ ምን ይፈይዳል ለሚለኝ፣ እውነቱን ነው፤ ዳቦ አይሆናትም። ነገር ግን ያው ያልተመዘነ ሚዛን እሷም ዘንድ አለ። "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለው ተረታችን እኮ ሴት አታውቅም አይልም። ታውቃለች፤ ዕውቀቷ ግን የሚጸናው በወንድ አፍ ሲነገር ነው ይላል። የሃርቫርዱ ክፍል በዘመናዊ ወንበርና በውድ ክፍያ ይህንኑ ተረት ይደግም ነበር።

በ2021 ሌላው ታላቅ የቢዝነስ ትምህርት ቤት፣ ዋርተን፣ ከተቀበላቸው የማስተርስ ተማሪዎች 52 ከመቶው ሴቶች ሆኑ። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ቁጥር ግን "ስንት ገቡ?" ለሚለው እንጂ "ሲናገሩ ማን ሰማቸው?" ለሚለው መልስ የለውም። በር የከፈተ ሰው ምስጋናውን ይቀበል። ሚዛን በእጁ የያዘ ሁሉ ግን፣ መምህርም ይሁን ዳኛ፣ አለቃም ይሁን አባት፣ ሌላውን "ቀለልክ፣ ቀለልሽ" ከማለቱ በፊት የገዛ ሚዛኑን ለሌላ ሰው ዓይን ማቅረብ ግዴታው ይመስለኛል።